የስህተት ረድፍ

ሃያ አራት ጠቦት፣ ሁሉም የዋሸራ፣
በጆሮው ላይ ቁጥር፣ ስም እንዳይጠራ፤
ከቡሬ ወጣ ሲል፣ ከቆርቆሮ በረት
በዕጣ ከፈልኳቸው፣ ስምንት ስምንት።

ለፊተኞቹ ድርቆሽ፣ ድርቆሽ ብቻውን፤
ለመካከለኞቹ የኑግ ፋጉሎውን
ከድርቆሹ ጋራ፤
ለኋለኞቹ ደግሞ የአገሩን አዝመራ፣
ግብጦ፣ ተቆልቶ በወንዝ መራራው የወጣ፣
ተከክቶ፣ ተለክቶ፣ በግራም የመጣ።

ዘጠና ቀን ሙሉ፣ በየዐሥር ቀኑ፣
ጎሕ ሲቀድ፣ ሳይበሉ፣ ባዶ ሆድ እንደሆኑ፣
በጆንያ ታቅፈው ከሚዛን መንጠቆ
ሲሰቀሉ፣ ጋሽ አንሙት ጋቢውን ታጥቆ
ቁጥሩን ይጠራል፦ «ሃያ ነጥብ ሦስት»፤
እኔ እደግማለሁ፣ እንዳይገባ ስህተት።
(ሥራው ጥበቃ ነው፤ ስሙ ግን ልመና፣
እናቱ ያወጣችው፣ በራብ ዓመት አራስ ሆና።)

መላምት ሲጀምር በክህደት ነው ቃሉ፦
«ልዩነት የለም» ይላል፤ «እኩል ናቸው ሁሉ።»
ከሳሹ እኔ ነኝ፤ ምስክሬም ኪሎ።
ከመቶ አምስቴ ዕድል ቢያታልል አስመስሎ
ይታለፍለታል፤ ስድስት ከሆነ ግን
ያሰናብተዋል ዳኛው ክሳችንን።

የካቲት ማብቂያ ላይ፣ መብራት በሄደበት፣
የኮምፒውተሬ ባትሪ ሊያልቅ ሲል አሰላሁት።
ድርቆሽና ግብጦ፦ ስድስት ከመቶ።

ስድስት።

በጣቴ ወረድኩ ቁጥር በቁጥር ተከትዬ፣
ከራሴ ምስክሮች ማን ከዳኝ ብዬ።
ከድርቆሽ በሎቹ ዐሥራ ሰባት ቁጥር፣
ጓዶቹ ሁለት ኪሎ ሳይሞሉ፣ እሱ ስድስት ሲጨምር!

በማግስቱ ማታ ሳልናገር ሄድኩኝ፤
በበረቱ ሽንቁር አጎንብሼ አየሁኝ።
ጋሽ አንሙት በጨለማ ቁጢጥ ብሎ አጠገቡ
ከካፖርቱ ኪስ ግብጦ ይዘግናል ለራቡ፤
ጠላ ቤት ሊበላው የገዛውን ቆሎ
አንድ ለራሱ አፍ፣ አንድ ለበጉ ብሎ።

«ጋሽ አንሙት!»
አልደነገጠም። መዳፉን በካፖርቱ ጠረገ።
«የጎረቤቱን ግብጦ እያሸተተ ነው የሚያድር» አለኝ፤
«ሕጉን አውቃለሁ ልጄ። ግን ሌሊት ሲጮኽ ጆሮ አለኝ።»

ዶክተር ሽባባው በስልክ፦ «አውጪው ከስሌቱ፤
ሦስት ከመቶ ይወርዳል፣ ያምራል ውጤቱ።»
እውነቱን ነው። አወጣሁት። ሦስት ሆነ።
ክሱ ቆመ፤ ግብጦ በአንድ ሌሊት ገነነ።
ግን ለምን ወጣ ሲሉኝ?
የአንሙትን ስም ብጽፍ እንጀራው ይሄዳል፤
ዝም ብል ደግሞ ቁጥሬ በምን ይታመናል?

በሰንጠረዡ ግርጌ አንዲት ረድፍ አለች፣
መኖ ያላብራራው ሁሉ የሚጣልባት፣
«ስህተት» የተባለች።
እዚያ ነው ያለው የኅዳር ውርጭ፣ የቆርቆሮው ንፋስ፤
አንዱ ጠቦት እናቱን ሲጣራ ጦሙን ያደረበት፤
የሚዛኑ መንጠቆ የያዘው ዝገት፤
እዚያው ነው ከእነዚህ ጋር፣ ያልተመዘነ፣
የአንድ ሽማግሌ ጭብጥ።
መጽሐፉ ይህች ረድፍ ስታንስ ነው ደስ የሚለው።

ሲነጋጋ ጻፍኩ፦
«አንድ በግ ከተመደበለት መኖ ውጭ ስለበላ
ውጤቱ ከነእሱም፣ ያለ እሱም ቀርቧል።»
ስድስትና ሦስት፣ ጎን ለጎን።
ማን እንዳበላው አልጻፍኩም። የጠየቀኝም የለም።

ለፋሲካ ገበያ ሁሉም ቡሬ ወረዱ።
ነጋዴው ሚዛን የለው፤
ወገባቸውን በሁለት ጣቱ ጨበጠ፣
ላታቸውን በመዳፉ አነሣ አነሣና
«እኔ ልዩነት አላየሁባቸውም» አለ፣
ሃያ አራቱንም በአንድ ዋጋ ገዛ።

ጋሽ አንሙት ዘወር ብሎ ቆሟል።
እጁ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤
ግብጦ ይቁጠር፣ ጣቱን ይቁጠር
አልለየሁም።